ሚስቴን ስላቀለሉልኝ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የክብደት መቀነሻ ማዕከሉ ዋና ዳይሬክተር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? እግርዎ ደህና እንደሚረግጥ፣ ዓይንዎ አጥርቶ እንደሚያይ፣ በተለይም ትናንት የሆነውን ዛሬ እንደሚያስታውሱ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ይህ የመጨረሻው በእኛ ቤት ብርቅ ስለሆነ ነው ለይቼ የጠየቅሁዎ። እኔ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። እርስዎ በሥራ ብዛት ባያስታውሷትም ባለቤቴ ደንበኛዎ ነበረች፤ የአንደኛ ክፍል መምህርት፣ የተማሪዎቿን ስም ገና ትምህርት እንደተጀመረ ጠንቅቃ የምትይዝ ሴት።

ወደ እርስዎ የመጣችው ለቁንጅና አልነበረም። ክፍሏ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በመሆኑና ጉልበቷም ደረጃውን አልወጣም ብሎ ስላስቸገራት፣ ትንሽ ቀለል ልበል ብላ ነው። እርስዎም አቀለሏት። ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፣ ለማበረታቻዎ። ውሃና ቀጭን ሾርባ ብቻ እየጠጣች እንድትሰነብት ካዘዟት በኋላ፣ ያም አልረጋ ብሎ ማስመለስ ስትጀምር፣ አማካሪዎ “ስቡ እየለቀቀሽ ነው፤ በርቺ” ብላታለች። ከእኛ ጋር የሚኖሩት አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ግን “ልጄ፣ ይህ መክሳት አይደለም፤ መክሰም ነው” ይሉ ነበር። አማቴ እንደ እርስዎ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የምስክር ወረቀት ስላልነበራቸው የሰማቸው የለም።

ሁለተኛ፣ ለጥበብዎ። የሰፈራችን ፋርማሲስት ሁኔታዋን አይታ የቢ ቫይታሚን እንክብል ሰጥታት ነበር። ባለቤቴ ታዛዥ ናትና እርስዎን ሳታስፈቅድ አንዲት ፍሬ አልዋጠችም። እርስዎም እኔ አጠገቧ ቆሜ፣ “ቫይታሚን ያወፍራል፤ የለፋሽበትን ገደል አትክተቺው” አሏት። እዚያው ቢሮዎ፣ ጠረጴዛዎ ሥር ካለው ቅርጫት ጣለችው።

ብዙም ሳይቆይ ዓይኗ አንዱን ሁለት አድርጎ ያሳያት ጀመር፤ እርምጃዋም እንደ ሰካራም ተወላገደ። አንድ ጠዋት የራሷ ክፍል በር ላይ ቆማ “ይሄ የማን ክፍል ነው?” ብላ መጠየቋን ነግረውኝ፣ አውቶቡሱን ለባልደረባዬ ትቼ ሆስፒታል ወሰድኋት።

ሐኪሙ አረፍ በል ብሎ አስረዳኝ። ስብ በረሃብ ብቻ እንደ ቅቤ ቀልጦ አይሄድም፤ ሰውነት ደረጃ በደረጃ ወደ ጉልበት ይለውጠዋል፤ በየደረጃው ያንን ሥራ የሚያግዙት የቢ ቫይታሚኖች ናቸው። በራሳቸው አያወፍሩም፤ በራሳቸውም አያከሱም። እነሱ ሲጎድሉ ግን የበሉትም ሆነ የተጠራቀመው፣ ክብሪት እንዳጣ እንጨት፣ በወጉ ሳይነድ ይቀራል። ከመካከላቸው ቢ አንድ የሚባለውን ሰውነት ብዙ አያጠራቅምም፤ ሲያልቅ ክፉኛ የሚጎዳው አንጎል ነው። “ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ…” አለኝ። ቫይታሚኑን በደም ሥሯ ሰጧት። ዓይኗ ተስተካከለ፣ እግሯም ጸና። አእምሮዋ ግን አዲስ ነገር መያዝ እምቢ አለ።

ሦስተኛውን ምስጋና በምን ስም እንደምጠራው አላውቅም። እሷ ሆስፒታል ሳለች አማቴ አረፉ። ቤት ስንገባ “እማዬስ?” አለችኝ። ነገርኋት። ደረቷን መታች፣ አለቀሰች፣ ደክሟት እቅፌ ውስጥ ተኛች። ስትነቃ “እማዬስ?” አለች። ደግሜ ነገርኋት፤ ደግሞ እንደ አዲስ መርዶ ደረሰባት። የሰው ሐዘን እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሷ ግን አያድርም። ከዚያ ወዲህ መንገር አቃተኝ። “ተኝተዋል፤ አትቀስቅሻቸው” እላታለሁ። እሷም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እናቷ እንዳይነቁባት በእግሯ ጣቶች እየረገጠች ታልፋለች። ልጆቼን ውሸት ስከለክል የኖርሁትን ሰው በስተርጅና ውሸት ስላስተማሩኝ እጅ እነሣለሁ።

ክስ ምን ያደርጋል፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ ነገ አንዲት ሴት እያስመለሳት “የበላሁት አልረጋ አለኝ” ስትልዎ፣ ከማጨብጨብዎ በፊት ወደ ሐኪም ይላኩልኝ።

ወንበርዎ ይጽና፣ ደንበኛዎ ይብዛ፣ የልጆችዎ ስም ከአንደበትዎ አይጥፋ እያልሁ፣ በታላቅ አክብሮት የምሰናበትዎ፣

የቀለለችው ሴት ባል

እንዳይረሳ፦ የባለቤቴ ፎቶግራፍ ሕንፃዎ ላይ “ለውጡን ይመልከቱ” ከሚለው ጽሑፍ ሥር እስካሁን ተሰቅሏል፤ የከሳችበት። በቅርቡ በአውቶቡሴ ይዣት በዚያ ሳልፍ ቀና ብላ አየችው። ራሷ መሆኗን አላወቀችም። “ይቺ ሴትዮ ታማለች” አለችኝ፤ “የሚያስታምማት ሰው ይኖራት ይሆን?”

“አላት” አልኋት።