ቀዩ ፍሬ ሳይጠቁር

ውድ መርማሪዬ፣

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አድርጊልኝ። ጓሮሽ ካለው ቁጥቋጦ ፍሬ ለቅመሽ ከሆነ ድፊው። ድስት ውስጥ ከከተትሽውም ድስቱን ጭምር ጣዪው፤ ሌላ ድስት እኔ አመጣልሻለሁ። ቀምሰሽው ከሆነ ደግሞ ይህን ወረቀት እዚያው ወርውሪና ሐኪም ዘንድ ሩጪ። ደብዳቤው የትም አይሄድም።

አሁን እየሳቅሽ እንደሆነ አውቃለሁ። «ሰውዬው ደግሞ በጽሑፍ መጣ» እያልሽ ነው። እሁድ ዕለት በስልክም እንዲሁ ሳቅሽብኝ። አንቺ ከወፍ ጥናት ጣቢያችሁ ኔትዎርክ ፍለጋ ኮረብታሽ ላይ ወጥተሽ፣ እኔ ሱቄ ውስጥ አንድ ጆሮዬን በጣቴ ደፍኜ፣ ስለ ወፍ ቆጠራሽ፣ ስለሚያንጠባጥበው ጣሪያ፣ አልዘጋ ስላለሽ በር ስታጫውቺኝ ቆየሽና፣ «ያቺ የሽልማት ፍሬዬ እኮ እዚህ ጓሮዬ ሙሉ ናት! ግማሿ ጠቁራለች። ቅዳሜ ለቅሜ ማርማላታ እሠራለሁ፤ የጣቢያውን ሰው ሁሉ ጋብዣለሁ» አልሽኝ።

በእጄ የያዝኩት ቁልፍ መሬት ወደቀ።

«እንዳትነኪው! መርዝ ነው!»

«አጎቴ፣ ኩባያዬን ልትቀማኝ ነው አይደል?»

«ኩባያሽን እዚያው ያዢው! ፍሬው አይበላም ነው የምልሽ።»

«እስቲ ማል።»

«እህቴ ትሙት!»

«አየህ? አንተ የምትምለው ስትዋሽ ብቻ ነው» ብለሽ ከትከት ብለሽ ሳቅሽ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ከዚያ ወዲህ መቆሚያ መቀመጫ አጥቻለሁ። ከኮረብታው ስትወርጂ ስልክሽ እንደማይሠራ እያወቅሁ አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ። መልእክት ጻፍኩልሽ፤ የምታነቢው ግን የፊታችን እሁድ ነው፣ ማርማላታው ተበልቶ ካለቀ በኋላ። ዋናው ቢሯችሁ ደወልኩና ጸሐፊዋን «ለእህቴ ልጅ አስቸኳይ መልእክት አለኝ» ብላት፣ «ቀልደኛው አጎቷ ነዎት?» ብላ ሳቀች። ዝናዬ እዚያም ደርሷል ለካ! «በሬዲዮ እንነግርልዎታለን» አለችኝ። እንዴት አድርጋ እንደምትነግርሽ ከአሁኑ ይታየኛል። የእግር ጉዞ ቡድናችንን ነርስ፣ ሲስተርን፣ ለምኛት እሷም ጻፈችልሽ። ግን አምና ጃርት እሾኋን እንደ ቀስት ትወረውራለች ብዬ ሳሞኝሽ፣ «እውነቱን ነው፤ አንድ የተወጋ በሽተኛ አክሜያለሁ» ብላ የመሰከረችልኝ እሷ አይደለችም? የእሷም ቃል ከእኔ ቃል አይሻልም።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ጠዋት ለአንድ ደንበኛ የበር ቁልፍ ስቀርጽ ሁለት ጊዜ አበላሸሁ። ሦስተኛውን ስሰጠው እያገላበጠ አየውና፣ «ጋሼ፣ ይሄ የእኔን አይመስልም» አለኝ። አልተሳሳተም። በናሙናነት ማሽኑ ላይ ያሰርኩት የራሴን ሱቅ ቁልፍ ኖሯል። ሃያ ስምንት ዓመት ቁልፍ ስቀርጽ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ሰውዬውን ይቅርታ ጠይቄ ሸኘሁና ሱቁን በቀትር ዘጋሁ። ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ አንቺ እመጣለሁ።

«የምትመጣ ከሆነ ታዲያ ለምን ትጽፋለህ?» ትዪኛለሽ። ፊቴን ስለማውቀው ነዋ! ፊት ለፊትሽ ቆሜ «መርዝ ነው» ስል ጥርሴ ይገለጣል፣ ዓይኔ ይጠባል፣ አንቺም ከዓረፍተ ነገሩ መሐል ትስቂያለሽ። ወረቀት ፊት የለውም።

የጨዋታችንን ደንብ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ግን ጥፋቴ ያለው እሱ ውስጥ ስለሆነ ልድገመው። የቅዳሜ እግረኞች ከዋርካው ሥር አረፍ ስንል አንዱ ጥያቄ ያመጣል። ወይ ስለ አውሬና ወፍ፣ ወይ ስለ ዛፍ፣ ወይ የአንዱ አገር ሰው ምን እንደሚበላና እንዴት እንደሚያበስለው። ሁሉም ይገምታል። ጠያቂው ማሳሳትም፣ መገዘትም፣ በውሸት መማልም ይፈቀድለታል፤ እውነተኛው መልስ ግን የሚነገረው በሚቀጥለው ቅዳሜ ብቻ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሲጠይቅ፣ መጽሐፍ ሲያገላብጥ፣ ሲጨቃጨቅ ይሰነብታል። ያሸነፈ በዚያች በተጨራመተች የቆርቆሮ ኩባያ የመጀመሪያውን ሻይ ይጠጣል። ይኸው ነው። ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር ጋሽ ካርታ ለዚህች ኩባያ ሲል ከጎረቤቱ ጋር ተኳርፏል። የሐይቅ ዳር ሰዎች ዓሣ ሲያደርቁ ለምን ጭራውን ወደ ላይ አድርገው ይሰቅሉታል ብዬ ጠይቄ፣ «ወደ ውሃው የሚመለስበት መንገድ እንዲጠፋው ነው» ብዬ ስምል ያመነኝ እሱ ብቻ ነበር። ውሃው በአፉ እንዲንጠፈጠፍ መሆኑን ስነግረው ሁለት ቅዳሜ አላናገረኝም።

አንቺ አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላሸነፍሽም። ሁሌም ደብተርሽን ይዘሽ፣ የምለውን ሁሉ እየጻፍሽ፣ ከሥሩ «ይጣራ» ብለሽ እያሰመርሽ፣ ሁሌም ለጥቂት ያመልጥሻል። ሌላው ሰው ሲሸነፍ ይስቃል። አንቺ ግን የጫማሽን ክር ፈትተሽ እንደገና ታስሪያለሽ።

የመጨረሻውን ቅዳሜሽን አስታውሺ። ከድንጋይ መፍጫው ወዲያ ካለው ዳገት ያን ቅርንጫፍ ቆርጬ መጣሁና፣ «ይህን ፍሬ የጫካው ዳር ሰዎች የሚበሉት መቼ ነው?» አልኩ። ጥያቄው ራሱ ወጥመድ ነበር። መልሱ «መቼም» ነው፤ የሚበሉት ወፎች ብቻ ናቸው። ጋሽ ካርታ «በጾም» አለ። ሲስተር አሸተተችውና «አይበላም» አለች። አንቺ ፍሬውን በጣትሽ አንከባለልሽው። «ቀይ ሳለ መርዝ ነው። ሲጠቁር ይጣፍጣል» አልሽ።

በደንቡ መሠረት ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ለሚቀጥለው ቅዳሜ አንቺ የለሽም። ረቡዕ ልትሄጂ ነው፤ ሻንጣሽ ታስሯል፤ እናትሽም ከሰኞ ጀምራ ድስት ባየች ቁጥር ታለቅሳለች። እጅሽ ወደ ጫማሽ ክር ሲወርድ አየሁ። በቃ፣ አላስቻለኝም። «መርማሪዋ አሸነፈች!» ብዬ ጮህኩ። ሲስተር አየችኝ፤ ጠቀስኳት። ተንኮል መሰላት፣ ከመሄድሽ በፊት የምነግርሽ መሰላት። እኔም ልነግርሽ ነበር። መናኸሪያ ድረስ የሸኘሁሽ ለዚያ ነበር። ኩባያዋን ከቦርሳሽ ማንገቻ ላይ አስረሻት በየእርምጃሽ ቃ፣ ቃ ስትል፣ ለማታውቂያቸው ተሳፋሪዎች እንኳ «አሸንፌ ነው» ስትዪ፣ ሻንጣሽን ጫንኩልሽና ሳልነግርሽ ተመለስኩ።

አንድ ነገር ግን ልብ በዪ። ያን ቀን አልማልኩም። ለዚህ ነው ያመንሽኝ።

ሐሙስ። አውቶቡስ ውስጥ ነኝ፤ ጽሑፌ ቢንጋደድ መንገዱን ውቀሺ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ሲያዩኝ ቆዩና፣

«ለማን ነው የሚጽፉት?» አሉኝ።

«ለእህቴ ልጅ።»

«ምነው፣ አሟታል እንዴ?»

«ገና ነው» አልኩና ሳቅሁ።

ሴትዮዋ ዘንቢላቸውን አንስተው ወደ ኋላ ወንበር ሄዱ። አልፈርድባቸውም። ስጨነቅ የምስቅ ሰው ነኝ፤ ይህን ማንም አያውቅም፣ እናትሽም ጭምር። ሰው ሁሉ ደስተኛ ነው ይለኛል። አንዳንድ ቀን እውነታቸውን ነው። አንዳንድ ቀን ግን ጭንቀት ሲይዘኝ የሚያመልጠኝ ሳቅ ነው።

ስለዚህ ሌላውንም ልንገርሽ። አውቶቡሱ ረጅም መንገድ አለው፣ መስኮቱም አይከፈትም፣ ማምለጫ የለኝም።

ይህን ጨዋታ የቅዳሜ እግረኞች የጀመሩት ይመስልሻል። አይደለም። እኔና አንቺ ነን የጀመርነው፣ አባትሽ የተኛበት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ፣ ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ ቀለም የተቀባበት። ስምንት ዓመትሽ ነበር። ያን በር እያየሽ አትጠብቂ ብዬ፣ «እስቲ ንገሪኝ፤ የግመል ሻኛ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» አልኩሽ። «ውሃ» አልሽ። «ልክ ነሽ! አሸነፍሽ!» አልኩሽ። ስብ ነው። ያኔም አውቀው ነበር። ግን ፊትሽ በራ፤ ሌላ ጠይቀኝ አልሽ፤ ጠየቅሁሽ። ደግሞ ልክ ነሽ አልኩሽ። ከዚያ አንቺ በተራሽ ጠየቅሽኝ። «አባዬ ነገ ይወጣል አይደል?»

ዶክተሩ ከአንድ ሰዓት በፊት ነግሮኝ ነበር። እየሳቅሁ «አዎ» አልኩሽ።

በማግስቱ ጫማሽን አድርገሽ፣ ክሩን አጥብቀሽ አስረሽ፣ በር ላይ ቁጭ ብለሽ ጠበቅሽ። እስከ ምሳ ሰዓት። ለቅሶ የሚደርሱት ሰዎች መምጣት ሲጀምሩ እናትሽ መጥታ አስገባችሽ። ስለዚያ ቃል አንድም ቀን ጠይቀሽኝ አታውቂም። ነገር ግን ደብተር የያዝሽው ከዚያ ወዲህ ነው። የምለውን ሁሉ መጻፍ፣ «ይጣራ» ማለት የጀመርሽው ከዚያ ወዲህ ነው። እኔ ደግሞ መርማሪ የሚል ስም አወጣሁልሽ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ምርመራውን ማን እንዳስጀመረው ግን አውቃለሁ።

ጃርትም ዓሣም ብዬ ስዋሽ ማንንም አልጎዳሁም። ከጋሽ ካርታ ኩርፊያ በቀር ክፉ ነገር አልመጣም። አንጀቴን በልተሽው የዋሸሁሽ ሁለቱ ውሸቶች ናቸው እሾህ ሆነው የቀሩት። በመጀመሪያው ልብሽን ሰበርኩ። በሁለተኛው የሚሆነውን ገና አላውቅም። ይሄ አውቶቡስ ምነው እንደ ኤሊ የሚሄደው!

ዓርብ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት። ከመገንጠያው ደርሻለሁ። የጣቢያችሁ መኪና ዛሬ አይወጣም። ሾፌሩ ከሥሩ ተኝቶ እግሩ ብቻ ነው የሚታየኝ። «መቼ ነው የምትሄዱት?» ስለው እግሩ መለሰልኝ፦ «ነገ ከሰዓት፣ አባባ።» ነገ ቅዳሜ ነው። አባባ ማለቱን ደግሞ በሌላ ቀን እንነጋገርበታለን።

አሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር ነው አሉኝ፤ ሁሉም ዳገት። እንግዲህ የቅዳሜ እግረኛ መሆኔ አንድ ቀን ይጥቀመኝ። ከመገንጠያው ማዶ ያለው ጥርብ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ይህን የመጨረሻውን እየጻፍኩ ነው። ከጎኔ ያ ቁጥቋጦ አለ። በመንገዱ ግራና ቀኝም እሱ ነው፣ እስከ ዳገቱ። አንድም ቀይ አልቀረውም። ሁሉም ጠቁሮ፣ አብረቅርቆ፣ ሊበላ የተዘጋጀ ነው የሚመስለው፤ ወፎቹም በደስታ እየለቀሙት ነው። አንቺ ደግሞ ቅዳሜ ያልሽውን ቅዳሜ ድረስ ለመጠበቅ ትዕግሥት እንደሌለሽ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

በቦርሳዬ የቆርቆሮ ሣጥኔን ይዤልሻለሁ። ሁላችሁም ልትሰርቁት የዶለታችሁበት የመልስ ደብተሬ ውስጡ ነው። እውነቱ በሰማያዊ ተጽፏል፤ ያሳሳትኩበት በቀይ። ይህ ፍሬ የቱጋ እንዳለና በምን ቀለም እንደተጻፈ ራስሽ እዪው፤ ቀኑም አለው፣ ከመሄድሽ በፊት የተጻፈ ነው። ቁልፏን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አስሬያታለሁ። ምትክ አልቀረጽኩላትም። የአገሩን ሁሉ ቁልፍ ስቀርጽ ለዚህች ግን ሁለተኛ ኖሯት አያውቅም። ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ናት። ከእንግዲህ ዋርካው ሥር ቁጭ ብዬ የማሞኘው ሰው አይኖርም፤ ጋሽ ካርታ ሲሰማ ድግስ ይደግሳል። ይደግስ።

ኩባያዋን ግን እንዳትመልሽ። ያሸነፈችው ሲስተር ናት፤ ነግሬያታለሁ። «ለልጅቷ ተውላት» ብላለች።

ስደርስ ምንም ሳልናገር ይህን በእጅሽ እሰጥሽና ፊት ለፊትሽ እቀመጣለሁ። እስከ መጨረሻው ሳታነቢ ቀና እንዳትዪ። ስትጨርሺ የፈለግሽውን ጠይቂኝ፣ ስለ አባትሽም ቢሆን፤ በሌላ ጥያቄ አላመልጥሽም። ደግሞ ቀና ስትዪ እየሳቅሁ ካገኘሽኝ፣ ሳቄን አትመኚው። ፈርቼ ነው።

ቁልፍ ሠሪው አጎትሽ፣
ከመገንጠያው፣ የጫማውን ክር አጥብቆ እያሰረ