ቀድሞ የዘረዘረ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ስልክ። ስልክ። ደግሞ ስልክ። አንዱ ደንበኛ መኪናውን ከገዛ አጥሩ ጋር አጋጭቶ፣ አጥሩ መጣብኝ ማለት ነው የቀረው። ሁለት ዲግሪ ይዤ የመድን ድርጅት ስልክ አነሳለሁ። "ጉዳቱ በየትኛው በኩል ነው ጌታዬ?" በእንቅልፌም ሳልላት አልቀርም።

በምሳ ሰዓት የእሑዱን ዝርዝር ለሊቀመንበሩ ላክሁ። የሶል ሙዚቃ ክበባችን ደንብ ነው፦ ተራ የደረሰው ዲጄ የሚያጫውታቸውን ዘፈኖች ሐሙስ ይልክለታል፣ ሁለት ሰው አንድ ዘፈን እንዳይደግም። ጀርባዋን፣ የሸክላዬን የጀርባ ዘፈን፣ መሃል ላይ ጻፍኳት። ከነዘፋኟ ስም።

ስምንት ወር ፈጅታብኛለች። ከተዘጋ ሬዲዮ ጣቢያ የተጣለ ካርቶን ውስጥ ነበረች። ሸክላዋ ላይ ያለው ወረቀት ተልጧል፤ ስም የለ፣ ምን የለ። ፊቷ ላይ ያለው ዘፈን ተራ ነገር ነው። ገልብጬ ጀርባዋን ሳስቀምጥ ግን ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ሴትዮዋ የሰው ደጅ ቆማ የምትለምን ትመስላለች፣ ግን አንገቷን ሳትደፋ። ሶል ማለት ለኔ ይኸው ነው። መሃሏ አጠገብ በመርፌ የተጫረ ቁጥር ነበር፤ እሱን ይዤ የስንቱን ሸክላ ሰብሳቢ ደጅ ጠናሁ። ስሟን ካወቁ በኋላ ዘፈኑን ማግኘት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሥራው ስሟን ማወቅ ነበር።

እሑድ አጫውታታለሁ። ሰኞ ክበቡ ገጽ ላይ እዘረዝራታለሁ። ከዚያ እስከ ወቅቱ መጨረሻ ማንም ሳያስፈቅደኝ አይነካትም፤ ቀድሞ የዘረዘረ ባለቤት ነው።

ክበቡን ስቀላቀል ዝርዝራቸውን የሚያጋሩት በደግነት መስሎኝ ነበር። ለእማዬ ሳይቀር "እንዴት ያሉ ቸር ሰዎች መሰሉሽ" ብዬ አውርቻለሁ። የሳቀችብኝ ነርሷ ናት፣ ከኔ ሌላ ያለችው ብቸኛ ሴት ዲጄ። "የኔ ሞኝ፣ ውሻ ግንድ ለግንድ እየዞረ የሚሸናው ለደግነት ነው?"

እሑድ፣ ጥቅምት 9

መጻፍ አለብኝ። ካልጻፍኩ የሆነ ነገር እሰብራለሁ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ያው የስፖርት ክበቡ አዳራሽ፣ ያው የጣውላ ወለል፣ ጨፋሪዎቹ ጫማቸው እንዲንሸራተት የሕፃን ፓውደር ነስንሰውበት። ከኔ በፊት የሹፌሩ፣ የሌላው ዲጄያችን፣ ተራ ነበር። ስደርስ ማጫወቻው ጠረጴዛ ጋ የቆመው ሊቀመንበሩ ነው። ሹፌሩ ጥግ ይዞ ውሃ ይጠጣል። "ተቀያየርን" አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

ሦስተኛው ዘፈን እሷ ነበረች።

ጀርባዋ። የኔዋ። በመጀመሪያዋ ከበሮ ነው ያወቅኳት። እጄ የሸክላ ሻንጣዬ ላይ ቀረ። ከዚያ ከሐሙሱ ዝርዝሬ ሁለት ሌላ አስከተለ፣ በኔው ቅደም ተከተል። ቅደም ተከተሉን እንኳን ለመቀየር አልደከመም።

ሕዝቡ አበደ። እኔ ሳልመው የኖርኩት እብደት ነው። ለሱ ሆነ።

ተራዬ ሲደርስ ምን ላድርግ? ዝም ብዬ ሌላ ላጫውት? ሸክላዋን አወጣሁና ደገምኳት። ግማሹ ጨፈረ። ግማሹ ቆሞ አየኝ፣ የሰው ምግብ አንስቼ እንደጎረስኩ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ሊቀመንበሩ ጀርባዋን ገጹ ላይ ቀድሞ ለጥፏል። ሌሎቻችን ሰኞ ነው የምንለጥፈው፤ እሱ ትናንት ማታውኑ።

ከሥሩ ማስታወቂያ፦ "አንዲት አባላችን የተዘረዘረ ዘፈን ያለ ፈቃድ ስለደገመች፣ ጉባኤው ፊት ይቅርታ እስክትጠይቅ ከጠረጴዛ ታግዳለች።" ጉባኤው ማለት እሱ፣ ነርሷ፣ ሹፌሩና ጥርስ ሐኪሙ ናቸው። ሦስቱም እሺ ብለዋል።

የሐሙሱን መልእክቴን ለሦስቱም ላክሁ። ቀኑ አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ ጀርባዋ አለች። ማስረጃ ካዩ ነገሩ ያበቃል ብዬ ነበር። ትምህርት ቤት ያስተማሩኝ እንደዚያ ነዋ።

ነርሷ ደወለች።

"አየሁት የኔ እናት። ባላየውም አውቃለሁ። ሁላችንም እናውቃለን።"

"እና?"

"እና አዳራሹን የተከራየው በስሙ ነው። ስፒከሩ የሱ ነው። ያንቺን እውነት ይዘን የት እንጨፍር?"

"ማለት..."

"የኔንም ወስዷል። የዛሬ ሁለት ዓመት።"

"ዝም አልሽ?"

"ዝም አልኩ። ይኸው አጫውታለሁ።"

ባያምኑኝ ይሻል ነበር። የማያምን ሰው ይረታል። አምኖ ዝም ያለን ሰው በምን ትረቺዋለሽ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ሊቀመንበሩን ራሱን አገኘሁት። ከሥራ ስወጣ ደወልኩ፣ መንገድ ዳር ቆሜ፣ አንድ ጆሮዬን በጣቴ ደፍኜ።

"የኔ እህት፣ ዘፈን እኮ የማንም አይደለም" አለኝ፣ በዚያ በሚያባብል ድምፁ።

"ታዲያ ለምን በስምዎ ዘረዘሩት?"

"ዝርዝር ሌላ፣ ዘፈን ሌላ። ገና ልጅ ነሽ። ሌላ ታገኛለሽ። ጆሮ አለሽ፣ ይህን ማንም አይክድሽም።"

ጆሮ አለሽ! ኪሴን አውልቆ የልብሴን ስፌት ሲያደንቅልኝ። እስከዛሬ "እርስዎ" ነበር የምለው።

"አንተ ሌባ ነህ" አልኩት።

"ይቅርታውን በጽሑፍ አድርጊው" ብሎ ዘጋው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

አልተነሳሁም። ለመሥሪያ ቤት አሞኛል አልኩ። አልዋሸሁም።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

እነሱ እየጨፈሩ ነው። እኔ ሶፋ ላይ። ታላቅ ወንድሜ ከነልጆቹ መጥቶ ነበር።

"በቃ ይቅርታ በይውና ግቢ። ሁለት ቃል ነው።"

"ምን አጥፍቼ?"

"ማን ስለጥፋት አወራ? ስለመግባት ነው የማወራው።"

"አንተ ብትሆን ትል ነበር?"

"እኔማ አለቃዬን በቀን ሦስቴ ነው የምለው፣ ለምን እንደሆነ ሳልሰማ።" ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር...

እማዬ ሳህኔን አንስታ አየችው። "ለዘፈን ብለሽ ምግብ ተውሽ?"

ለዘፈን አይደለም እማዬ። እንዴት ላስረዳት? ስድስት ቀን ስልክ ላይ ሌላ ሰው ነኝ፤ ትሑት፣ አመሰግናለሁ ባይ። እሑድ ከሰዓት ብቻ ነበር እኔ የምሆነው። ያቺን የእሑድ እኔን ነው የወሰዱብኝ። በሁለት ቃል አንበርክከው ሊመልሱልኝ ይፈልጋሉ፤ የሚመለሰው ግን ማን ይሆን? ይቅርታ ጠይቃ ጠረጴዛው ላይ የምትቆመዋን አላውቃትም። ነርሷን አየሁ እኮ።

ግን እንዴት እንደናፈቀኝ... የጣውላው ድምፅ እንኳ። ወረቀት አውጥቼ "ይቅርታ" ብዬ ጀመርኩ። እዚያ ላይ ቆምኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ሸክላዋን አውጥቼ በሁለት እጄ ያዝኳት። አጎበጥኳት። ትንሽ ብጨምር...

አልሰበርኳትም። አዝኜላት አይደለም፣ ፈርቼ ነው። ማዳመጥም አልቻልኩም። መርፌውን ባስቀመጥኩ ቁጥር የሱ እጅ ይመጣብኛል። እኔ ያገኘኋት፣ እኔ ያጠብኳት፣ አሁን እኔው ነኝ የማልሰማት። ከዚህ በላይ መዘረፍ አለ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ሌሊቱን ሙሉ አንድ ጥያቄ። ለምንድነው የምናጋራው? መልሱን አውቀዋለሁ፤ አጥር ነው። እያንዳንዱ ዝርዝር "ይህ የኔ፣ እዚህ እንዳትደርስ" ነው። አጥር ያለው ደግሞ ይዘረፋል።

እሺ። አጥር አይኑረኛ።

ዛሬ ቢሮ ሆኜ፣ በስልኮቹ መሃል፣ ሙሉ ሻንጣዬን ጻፍኩት። ያሉኝን በሙሉ። የዘፋኙን ስም፣ የተጫረውን ቁጥር፣ የት እንዳገኘሁት፣ የትኛው ፊት ተራ እንደሆነ፣ ከየትኛው ቀጥሎ ቢመጣ ወለሉ እንደሚሞላ። ማን ምን ቢል ግድ ሳይሰጠኝ፣ የክበቡ ገጽ ላይ ሳይሆን ማንም የሚገባበት ቻናል ከፍቼ ለጠፍኩት። አንዷን ደንበኛ "የተጎዳው ፊቷ ነው ጀርባዋ?" አልኳት። ሴትዮዋ "የኔ ወይስ የመኪናዋ?" አለችኝ። በሳምንቱ የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው።

ደግነት አይደለም። ለራሴ አልዋሽም። እልህ ነው። ከእንግዲህ ማንም የሚሰርቀኝ ነገር አይኑር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ማንም አልገባ።

ቻናሉ ውስጥ እኔና ወንድሜ። እሱም ወዲያው ድምፁን አጥፍቶታል።

ምን አደረግኩ? የአራት ዓመት እሑዶቼን አውጥቼ መንገድ ላይ ዘረገፍኩ፣ አላፊ አግዳሚው ዘሎ ሄደ። አሁን ጠረጴዛም የለኝ፣ ሻንጣም የለኝ። ላጠፋው አሰብኩ። ማጥፋት ራሱ ደከመኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ነርሷ ስትደውል ሳቋ ቀድሞ መጣ።

"ምንድነው የሠራሽው አንቺ ልጅ?"

ትናንት ጨፋሪዎቹ ዝርዝሬን በስልካቸው ይዘው መጡ አለች። ከየት እንደሰሙ እንጃ። "ይህችን አጫውቱልን፣ ያቺን አጫውቱልን።" ሹፌሩ ግን እጁን አጣጠፈ። "ቀድማ ዘርዝራለች። ካልፈቀደች አልነካም" አለ። ሊቀመንበሩ የኛ ገጽ ላይ ካልሆነ አይቆጠርም ብሎ ጮኸ። ሹፌሩ፦ "ደንቡ ቀድሞ የዘረዘረ ይላል። የት አይልም። ያወጣኸው አንተ ነህ።" ጥርስ ሐኪሙም ከሹፌሩ ጋር ወገነ።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ያረጀውን እየደገምን ዋልን። ሰዉ በጊዜ ተበተነ።"

ስልኩን ዘግቼ ሳቅኩ። ስስቅ ስስቅ አለቀስኩ። በራሳቸው አጥር! ግን የገረመኝ ሹፌሩ ነው። ለኔ ሲሆን ውሃ ይጠጣ ነበር። ለደንብ ሲሆን ወንድ ሆነ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ሊቀመንበሩ ደወለ።

"ዝርዝሩን አጥፊው። ይቅርታውን ረሳሁት። ጥሩዋን ሰዓት፣ የአሥራ አንድ ሰዓቷን፣ ላንቺ እሰጣለሁ።"

"ጀርባዋንስ?"

"እሷንም ውሰጃት። ልጅነት ይብቃን።"

ይብቃን። ሁለታችን እንደተጣላን ሕፃናት።

አስብበታለሁ አልኩት። ለምን እንቢ አላልኩም? ፈልጌው ነዋ! አሥራ አንድ ሰዓት፣ ወለሉ ሞልቶ፣ እጄ መርፌው ላይ... አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ማታ ጣቴን አስቀምጬበት ስንት ቆየሁ። እፈልገዋለሁ። እግዜር ያያል፣ እፈልገዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

ላጠፋ ነበር። እውነቱን ልጻፍ፣ ላጠፋ ስልኩን አንስቼ ነበር።

የማላውቀው ሰው ጽፎልኛል። ወንድ ይሁን ሴት አላውቅም። "ጀርባዋን ስላጋራሽን አመሰግናለሁ። ግን ፊቷን ተራ ነገር ማለትሽ ልክ አይደለም። ሁለተኛው አንጓ ላይ ኦርጋኑን ረጋ ብለሽ ስሚው።"

ተናደድኩ። ማን ነህ አንተ? ስምንት ወር አብሬያት ኖሬ...

መርፌውን ፊቷ ላይ አስቀመጥኩ። ሁለተኛው አንጓ። ኦርጋኑ ከሴትዮዋ ድምፅ ሥር ይንፏቀቃል፣ እሷ ስትወጣ እሱ ይወርዳል፤ እዚህ የምትክደው ሰው እሱ ነው። ጀርባዋ ላይ ደጁ ቆማ የምትለምነው እሱኑ ነው። እንዴት አልሰማሁትም? ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ገልብጬ የተውኩት ፊቷን ነው። ብቻዬን ብይዛት ኖሮ እስከ ዕለተ ሞቴ ግማሿን ነበር የማውቀው።

ለሊቀመንበሩ ጻፍኩለት፦ "አላጠፋም። ደግሞ ማንም አያስፈቅደኝ። አንተም።" ለሦስቱም ያንኑ ላክሁ።

ጠረጴዛው ሄደ። ዛሬ በእውነት ሄደ።

እሑድ፣ ጥቅምት 30

አልሄድም ብዬ ነበር። አሥር ሰዓት ላይ እግሬ ወሰደኝ። በጓሮው በር፣ በዲጄዎቹ መግቢያ፣ አይደለም። በፊት በር፣ እንደማንም ሰው፣ ተሰልፌ። ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አላፈርኩም። ሻንጣ ያልያዘ እጄን የት ላድርገው?

ነርሷ ጠረጴዛው ላይ ነበረች። አየችኝ። ከዝርዝሬ አንዷን አስቀመጠች። ቀጥላ ከኔ ያልሆነች፣ እሷ ስታጫውታት ሰምቼ የማላውቃት አመጣች። ያች ከሁለት ዓመት በፊት የተወሰደችባት መሆን አለባት፤ ፊቷ ላይ አነበብኩት። ሹፌሩ ወደኔ መጥቶ "ደህና ነሽ?" አለ። "አይደለሁም" አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ቆመ። ይቅርታ ሊል ነው ስል ውሃ አቀበለኝ።

ከዚያ ሊቀመንበሩ ወጣ። ሰዉ ጀርባዋን ጠየቀው። ወደኔ አላየም፣ አስቀመጣት።

እና ቆሜ ቀረሁ። ለካ ጨፍሬባት አላውቅም። ቤት አዳምጫታለሁ፤ አንድ ቀን ብቻ ለሰው አጫውቻታለሁ፣ ያኔም እያለቀስኩ ነበር። የሚያጫውት ሰው አይጨፍርም፤ ቀጣዩን ይፈልጋል፣ ሰዓት ያያል። በሷ ለመጨፈር የግድ ሌላ ሰው ሊያጫውታት ይገባ ነበር። ሌላ ሰው እንዲያጫውታት ደግሞ ስሟን ማወቅ ነበረበት።

ጨፋሪዎቹ መሃል ገባሁ። መጀመሪያ መጥፎ ነበርኩ። መርፌውን ያስቀመጠውንም እጅ ረሳሁት፣ የማን እጅ እንደሆነ። ከዚያ ደግሞ አስታወስኩ፤ አስታውሼም ጨፈርኩ። አልማርኩትም። ነገም አልምረውም። ያም ሆኖ ወለሉ የኔም ነበር።

ስታልቅ አጠገቤ አንዲት የማላውቃት ልጅ ወገቧን ይዛ ታለከልካለች። "ማን ናት ዘፋኟ፣ እህት?" አለችኝ።

ስሟን ነገርኳት። ጫጫታው አላሰማትም መሰለኝ፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ ደገምኩላት፣ ቀስ ብዬ፣ እንድትይዘው።