ያልጮኸው ብረት

በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ «ጋሽ ጆሮ» በመባል የሚታወቁት አጎቴ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1944 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በ1961 ዓ.ም. መለዋወጫ የሚያመርት ፋብሪካ ተቀጠሩ፤ ብረት ቆርጦ ቅርጽ ከሚያስይዘው ሚሊንግ ማሽን ፊትም አርባ ሦስት ዓመት ቆሙ።

ብረት ሲቆረጥ መቁረጫው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ይጮኻል፤ የብረቱም ገጽ ሻካራ ሆኖ ይበላሻል። እሳቸው ግን ጩኸቱ ሳይመጣ ያውቁት ነበር። መቁረጫው ከመያዣው ምን ያህል እንደወጣ፣ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚቆርጥ፣ በስንት ዙር እንደሚረጋጋ በደብተር ይጽፋሉ። ሌላው ፈርቶ የማሽኑን ዙር ሲቀንስ፣ እሳቸው ጨምረው ጸጥ ያሰኙት ነበር። ለምስጋና ግን አንደበታቸው አይፈታም፤ ከአፋቸው «ይሄስ ሥራ ነው» የምትል ቃል ያገኘ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ደረቱን ነፍቶ ይከርማል።

በ1970 ዓ.ም. ትዳር መሥርተው አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ባለቤታቸው በ1984 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጁን ብቻቸውን አሳደጉ፤ ሙያውንም አስተማሩት፤ እዚያው ፋብሪካም ገባ። በ1997 ዓ.ም. አንድ ቀን «ሊጮኽ ነው» ብለው ልጃቸው የሚሠራበትን ማሽን በሰው ሁሉ ፊት አጠፉበት፤ ጆሮ የለህም ብለውም ዘለፉት። ልጁ ቱታውን ሰቅሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ አልተያዩም።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ የግራ መዳፋቸውን ብረቱን ጨብጦ በሚይዘው ሞርሳ ላይ አሳርፈው ይሠሩ ነበር፤ እኛ ልማድ መስሎን ነበር። በ2004 ዓ.ም. ጡረታ ወጥተው በአንዲት ክፍል ብቻቸውን ኖሩ። ሁለት ወንበር ነበራቸው፤ የሁለተኛውን አቧራ በየጠዋቱ ይጠርጉ ነበር እንጂ የሚቀመጥበት አልነበረም። በር ስናንኳኳ አለመክፈታቸውን እንደ ኩርፊያ የቆጠርን ዘመዶች ዛሬ እናፍራለን።

በኩላሊት ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ ሁለት ዓመታቸው አረፉ። ከማረፋቸው በፊት የደብተራቸው የመጨረሻ ገጽ በቀብራቸው ቀን እንዲነበብ አዘዋል፤ እንዲህ ይላል፦

«ያን ቀን ማሽኑ አልጮኸም። የሚጮኸው የራሴ ጆሮ ነበር። ሐኪሙ ጆሮዬ እየደነቆረ መሆኑን ሲነግረኝ ልጄ ከሄደ ወር ሆኖት ነበር፤ ሄጄ ለመናገር አፈርኩ። የቆረጠውን ብረት ወስጄ በጣቴ ዳሰስኩት። ይሄስ ሥራ ነው።»

ያ ብረት ከራስጌያቸው ተገኝቷል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት መዳሰስ ጠርዙ ለስልሷል።

ከኋላቸው አንድ ልጅ ትተዋል። መልእክት ልከንለታል፤ ይህ ሲጻፍ ግን ይምጣ አይምጣ አላወቅንም። ከመካከላችን ካለ፣ ብረቱ እኔ ዘንድ ነው፤ የእሱ ነው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ጩኸት በማይደርስበት ያሳርፍልን።