ሰማንያ ላይ ስለቆመው ጠርሙሴ

ለተከበሩ የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክብርዎ ሙሉ ጤና፣ በተለይም እንዳሻዎ ወጥተው የሚገቡባቸው እግሮችዎ እንዲበረቱልዎ እመኛለሁ።

እኔ በአልጋ ቁጥር ዘጠኝ የተኛሁ ጡረተኛ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ። ሐኪሞችዎ የተዘጋውን የደም ሥሬን ቀይረው ቀኝ እግሬን ከመቆረጥ አድነውልኛል፤ ለዚህ ምስጋናዬ የእውነት ነው። የቀሩት ምስጋናዎቼ እንደሚከተለው ናቸው።

አንደኛ፦ ከብሽሽቴ ወጥቶ ጠርሙስ ውስጥ የሚገባው የቁስል ማፍሰሻ ቱቦ የሚነቀለው በቀን የሚወጣው ፈሳሽ ከሠላሳ ሚሊ ሊትር ሲያንስ እንደሆነ ተነግሮኛል። ደንቡ ድንቅ ነው። ጠርሙሱ ግን ከተሰቀለ ዘጠኝ ቀኑ ሲሆን አንድም ቀን አልተደፋም፤ ፈሳሹ ተደፍቶ የሚለካበት መለኪያ ዕቃ ቤት ተቆልፎበታል፣ ቁልፉም ከነሠራተኛው ፈቃድ ወጥቷል። በመጀመሪያው ቀን ሰማንያ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ጠብ ያለ ነገር የለም። ነርሶችዎ ግን በየማለዳው ጠርሙሱ ላይ ያንኑ መስመር እያዩ «ሰማንያ» ብለው ይጽፋሉ፤ ሐኪሙም ወረቀቱን አይተው፣ ገና ብዙ እየፈሰሰ ነው ብለው ወደ አልጋ ቁጥር አሥር ያልፋሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱ ይኸው አለ፣ ሌላኛውን ፈልጎ ማግኘት ለክብርዎ አይከብድም።

ሁለተኛ፦ ሃያ ስድስት ዓመት የሰው በር እያንኳኳሁ ቆጣሪ ሳነብ፣ ውሻ ባሳደደኝ ቀን እንኳ ከዛሬው ንባብ የፊተኛውን ሳልቀንስ ጽፌ አላውቅም። ይህንኑ ለነርሷ በትሕትና ባስረዳት፣ አባባ ይረፉ ብላ ብርድ ልብሴን አስተካከለችልኝ። ስለ ብርድ ልብሱ አመሰግናለሁ።

መስቀያው ስለተሰበረ ጠርሙሱ ከአልጋው ብረት ጋር በፕላስተር ታስሯል፤ እኔም አብሬው። መጸዳጃ ቤት ለመሄድ የሚፈታኝ ሰው እጠብቃለሁ፤ በራሴ እጅ እንዳልነካው በጥብቅ ተነግሮኛልና።

ሦስተኛውን ቁጥር ለፍርሃቴ ሰጥቼዋለሁ። ቱቦው የገባበት ቦታ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ቀልቷል፣ ያተኩሳልም። ቱቦው ያለ ሥራ በቆየ ቁጥር ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ አዲሱም የደም ሥር ሊበላሽ እንደሚችል የነገሩኝ የራስዎ ሐኪም ናቸው። ባለቤቴ ጫማዬን በፌስታል ይዛ በየቀኑ ትመጣለች፤ ይዛው ትመለሳለች። እፈራለሁ፣ ክቡርነትዎ። ከቢላ የተረፈ እግር በቁጥር እንዳይሄድ እፈራለሁ።

ስለዚህ አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ጠርሙሱን እንዲደፋልኝ እማጸናለሁ።

ከአልጋው ብረት ጋር ካለኝ ጽኑ ትስስር ጋር፣
የማይንቀሳቀስ አክባሪዎ፣
አልጋ ቁጥር ዘጠኝ

ግልባጭ፦ ለአልጋ ቁጥር ስምንትና አሥር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤው ሳይላክ ወሬው ደርሶ ኖሮ ጠርሙሱ ትናንት ማለዳ ተደፋ፤ ዛሬ ማለዳ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ነርሷ ደስ ብሏት ዜሮ ጻፈች። ሐኪሙ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡ፤ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሰማንያ የፈሰሰ ነገር በድንገት ሊቆም ስለማይችል፣ ቱቦው ተዘግቷልና ነገ በአዲስ ይቀየር ብለው ፈረሙበት። ባለቤቴ ዛሬ ጫማውን ቤት ትታው መጥታለች።