ሽማግሌ ሊመጣ በነበረበት ሳምንት

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ይርጋ ዛሬም አልበላም። እምዬ የገብስ ቂጣውን በቅቤ ለውሳ ብታቀርብለት ቆረሰና አሸተተው፤ መልሶም አስቀመጠው። "ምን ጨመርሽበት?" አላት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ሃያ ዓመቱ። ከዩኒቨርሲቲ ሲመጣ "እረፍት ነው" ብሎን ነበር። እረፍት አለመሆኑን ያወቅሁት አብሮት የሚማር ልጅ ደውሎ "ፈተናውን ትቶ ነው የሄደው፣ ደህና ነው ወይ?" ሲለኝ ነው። ለአባዬ አልነገርኩትም።

የሚያሳስበኝ ብዙ ነው። አይተኛም። ቆጡ ላይ ወጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይቀመጣል። ብቻውን ይስቅና ድንገት ዝም ይላል፣ የተቆጡት ይመስል። ስልኩን አጥፍቶ ጭድ ውስጥ ቀብሮታል። አምና ቁመቱ ሲመዘዝና ጢሙ ሲሞላ እምዬ "ልጄ ጎልማሳ ሆነ" ብላ ለጎረቤት ሁሉ ስታወራ ነበር። ከጢሙ ጋር ሌላ ነገርም አብሮ እያደገ እንደነበር ማን ያያል?

እሑድ ደግሞ የደሳለ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ደሳለ ወልድያ መስመር ላይ ሚኒባስ ይነዳል፤ ከተዋወቅን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። እምዬ ጠላውን ጠንስሳለች። አባዬ ማታ እራት ላይ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፦ "እስከ እሑድ ልጁ ከግቢ አይውጣ። ሰው አይየው።"

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ወጣ። እኔ ጋ መጣ።

የምሠራበት ሆቴል ባዶ ነው። እንግዳ ያለው በሁለት ክፍል ብቻ ነው፤ እነሱም ቤተ ክርስቲያኖቹን ሊያዩ ወጥተው ነበር። እንግዳ መቀበያው ላይ ቁጭ ብዬ ቀና ስል ይርጋ በሩ ላይ ቆሟል። በነጠላ ጫማ፣ እግሩ አቧራ በአቧራ። ቁልቁል ካለው ቤታችን እስከዚህ ሲወጣ ስንት ሰው አይቶት ይሆን?

"እታለም፣ ያንን አንቴና አየሽው?" አለኝ በመስኮቱ ወደ ጉብታው እያመለከተ። ከልጅነቱ ጀምሮ "እታለም" ነው የሚለኝ፤ በስሜ አይጠራኝም።

"አየሁት።"

"ስሜን ይጠራል። ከዚያ 'አሁን፣ አሁን' ይላል።"

"ምኑን ነው አሁን?"

"እሱን ገና አልነገሩኝም።"

የተናገረው የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚነግር ሰው ነው። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም።

አለቃዬ ከጓዳ ወጥታ አየችው። ከሄደ በኋላ "ወንድምሽ ነው? ምን ይጠቀማል?" አለችኝ። "ጉንፋን ይዞት ነው" አልኳት። እንዴት ያለ መልስ ነው!

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

አሁን የሚበላው የተቀቀለ እንቁላል ብቻ ነው። ቅርፊቱን ማንም እንዳልነካው ለማየት ያገላብጥና ራሱ ይልጠዋል። እምዬ "ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው" ብላ አለቀሰች። ከሚርበው እንቁላሉን ይብላ አልኳት። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ተናግሬያት አላውቅም።

አባዬ ማሳ ሲወርድ የንስሐ አባታችንን አስጠራች። ቄሱ ይርጋን ለረጅም ጊዜ አዩት። ግንባሩን በመስቀላቸው ዳሰሱና "ልጄ፣ ማን ነው የሚያስፈራህ?" አሉት። ጠበል ወስደን አስጠመቅነው። ውኃው በረዶ ነው፤ ሆኖም እንደ በግ ዝም ብሎ ቆመ። ስንመለስ ፀሐይ ላይ ጋደም አለና እንቅልፍ ወሰደው። እምዬ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። እኔም ደስ ብሎኝ የሽማግሌ መቀበያ ቀሚሴን አወጣሁና ለካሁት።

ሲነቃ አጠገቡ ነበርኩ። ዓይኑን ገልጦ ትክ ብሎ አየኝ።

"አንቺ እታለም አይደለሽም" አለ። "እሷን የት አደረጋችኋት?"

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ጠዋት ስነሣ ደጅ ተቀምጦ ማጭድ ሲስል አገኘሁት። ገብሱ ደርሷልና ሁሉም ሰው ይስላል። እሱ ግን አንዱን ማጭድ ብቻ፣ ቀስ እያለ፣ ስለቱን በአውራ ጣቱ እየሞከረ። አባዬ "አየሽ? ሥራ ያድነዋል" አለኝ። ደስታው አሳዘነኝ።

ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ አውቃለሁ። ሥራ ስገባ ጎራ ብዬ "የሰው ጉዳይ ነው" ብዬ ጠየቅኋት። የሰው እንዳልሆነ ገብቷታል፤ ግን አላሳፈረችኝም። "በዚህ ዕድሜ የሚጀምር የአእምሮ ሕመም አለ፤ ልጁ ሰው ሆነ፣ ራሱን ቻለ ሲባል ይመጣል። ራሱን ወይም ሌላ ሰው ሳይጎዳ ወልድያ ውሰዱት። አትዘግዩ" አለችኝ።

ለአባዬ ነገርኩት። በሬዎቹን እያሰረ፣ ሳያየኝ፣ "እሑድ ይለፍ" አለ። "በዘራቸው አለ ከተባለ ያንቺም ነገር አበቃ። እሑድ ይለፍና ወደምትይው እንወስደዋለን።"

እውነቱን ልጻፍ። እፎይ አልኩ። እኔም እሑድ እንዲያልፍ ፈልጌ ነበር።

ማጭዶቹንና መጥረቢያውን ሰብስቤ ማገዶው ሥር ደበቅሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ከደሙ እጄን ታጥቤ ነው ይህን የምጽፈው።

ማርያም ናትና እምዬ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። እኔ ፈቃድ ጠይቄ ቤቱን ለእሑድ እለቀልቅ ነበር። አባዬ ከማሳ መጥቶ ሊገባ ሲል ይርጋ በሩ ላይ ቆመበት። ማጭዱን ይዟል። ከየት አገኘው? ሁሉንም የደበቅሁ መስሎኝ ነበር።

"አትገባም" አለው። "አንተ አባቴ አይደለህም። አባቴን ገድላችሁ ልብሱን ለብሰህ ነው የመጣኸው።"

አባዬ አልጮኸም። "ይርጋ፣ ልጄ፣ አምጣው" እያለ እጁን ዘርግቶ ቀረበ። ይርጋ ሰነዘረ። አባዬ ስለቱን በመዳፉ ያዘው። ደሙን ሳይ እኔም ሮጬ ከኋላ አቀፍኩት። አልታገለኝም። "አሁን ነው አሉኝ፣ አሁን ነው አሉኝ" እያለ ያለቅስ ነበር። እንደዚያ የፈራ ሰው አይቼ አላውቅም።

አባዬ መጫኛ አምጥቶ የይርጋን ሁለት እጅ አጣምሮ አሰረው። ቋጠሮውን ሲያጠብቅ እንባው ገመዱ ላይ ይንጠባጠባል።

መዳፉን ስጠቀልልለት ሳልጠይቀው ተናገረ። "ዘውዴ አልመነነም" አለ። ዘውዴ ታናሽ ወንድሙ ነው። እኔ ሳልወለድ ዓለምን ንቆ ገዳም ገባ እየተባልን ነው ያደግነው። "እንዲህ ነበር የሆነው። በይርጋ ዕድሜ። አባቴ እሰረው አለኝና አሰርኩት። አንድ ጠዋት ገመዱ ተበጥሶ አገኘነው፤ ዘውዴ ግን የለም። ፈልገን አጣነው። ሰው ሲጠይቅ መነነ አልን። እያደር እኛም አመንነው።"

"እሑድስ?" አልኩት።

የይርጋን እጅ አየ። "ለደሳለ ደውይለት" አለኝ።

ኔትወርክ የሚይዘው መንገዱ ጋ ነው። ወጥቼ ደወልኩ። "ወንድሜ ታሟል፣ አእምሮው ነው። ታስሯል። ወልድያ ውሰደን" አልኩት በአንድ ትንፋሽ። የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ?" አልኩ። "ዛሬ መንገዱ ተዘግቷል" አለኝ። "ከተከፈተ ጠዋት እመጣለሁ።"

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ወልድያ ነን።

መንገዱ ተከፈተ። ደሳለ ሌላ ሰው ሳይጭን መጣ። ገበያ ቀን ስለሆነ ቁልቁለቱ በአህያና በሰው ተሞልቶ ነበር። የይርጋን እጅ በጋቢ ሸፍነን ስናልፍ ሁሉም አየን። አንዷ አማተበች። እምዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ደጅ ቆማ ቀረች።

ይርጋ የደሳለን ስልክ አየና መንቀጥቀጥ ጀመረ። ደሳለ ማንም ሳይነግረው አጠፋው። ጋሸና ኬላው ላይ መኪኖች ተሰልፈዋል፤ እኛንም አቆሙን። ብርዱ አጥንት ይገባል። ይርጋ "አሁን" ማለት ሲጀምር አባዬ ጸሎቱን አነሣ። ደሳለ ወርዶ ጠባቂዎቹን አነጋገረ፤ አንዱ በመስኮት አጮልቆ አየና "እለፉ፣ እግዜር ይማረው" አለን።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ይርጋ ወንበር ላይ፣ ደሳለ ትከሻውን ይዞ፣ አባዬ ግድግዳውን ተደግፎ። መቼ ጀመረው፣ ይተኛል ወይ፣ ይበላል ወይ፣ ሁሉንም መለስኩ። ከዚያ፦

"ከቤተሰብ እንዲህ ያለ ሕመም የነበረበት ሰው አለ?"

አባዬ መሬት መሬቱን አየ። ጥያቄው እኔ ላይ ቀረ። ደሳለ እዚያው ነው። "የለም" ማለት እንዴት ይቀላል! ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

"አለ" አልኩ። "የአባቴ ወንድም። በዚሁ ዕድሜ።"

ደሳለ እጁን ከይርጋ ትከሻ ላይ አላነሣም። እኔንም አላየኝም።

ሐኪሙ ጻፈ። "ሕመም ነው፣ ይታከማል። ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ተሻለኝ ብሎ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ" አለን። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሮ ዕድሜዬን ጠየቀኝ። "ሃያ ሦስት" አልኩት። "አንቺስ ትተኛለሽ?" አለ። "እተኛለሁ" አልኩ። ለምን ጠየቀኝ?

መርፌ ሲወጋ ይርጋ ጮኸ፤ ቆይቶ ተኛ።

ደሳለ ግቢው ውስጥ ጠበቀኝ። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"የአጎቴን እኔም ትናንት ነው የሰማሁት። የይርጋን ግን ደብቄህ ነበር።"

"እናቴ መስማቷ አይቀርም" አለ። አውቃለሁ አልኩት። ተሳፋሪ ጭኖ ተመለሰ።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ማንም አልመጣም። እምዬ ከጎረቤት ስልክ ደውላ ነገረችን። ጠላው ተጠምቆ፣ ቤቱ ተጎዝጉዞ፣ ብቻዋን ተቀምጣ ዋለች። ጎረቤት "ምነው ዝም አላችሁ?" ሲላት ልጄ ታሟል ብላ ተናገረች። አባዬ ይህን ሲሰማ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ፊቱ ላይ አደረገ።

ይርጋ ቀኑን ሙሉ ተኝቷል።

ሌላም ነገር አለ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሳለ "ትርንጎ" ብሎ ስሜን የጠራ ሰው መሰለኝ። ዞርኩ፤ የሚያውቀኝ ማንም የለም። ሆስፒታል ነው፣ ሰው ይጠራራል፤ ሌላ ትርንጎም ልትኖር ትችላለች። ለአባዬ አልነገርኩትም። ቆሜ ብዙ ጊዜ አዳመጥኩ፤ አልተደገመም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ይርጋ ነቃ። ምላሱ ከብዶታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ፊቴን ትኩር ብሎ አየና "ድምፅሽ የእሷ ነው" አለኝ። ስለ ፊቴ ምንም አላለም። ይህም ተመስገን ነው። አባዬ ፊቱን ሲያጥበው አልከለከለውም።

ሐኪሙ ገና ጥቂት እንደምንቆይ ነገረን። እኔ ሥራዬ ይጠብቀኝ አይጠብቀኝ አላውቅም።

ከሰዓት ደሳለ ደወለ። ከጀርባው የሞተርና የሰው ድምፅ ይሰማል።

"ሽማግሌዎቹ አይመጡም" አለኝ። "እናቴ እንቢ አለች።"

"እሺ" አልኩ።

"ቅዳሜ ተራዬ ወልድያ ነው" አለ። "እመጣለሁ። ይርጋ ምን ምን እንደሚፈልግ ንገሪኝ።"

ጋቢ አልኩት፤ የእሱ ረጥቧል። ካልሲ። እሺ አለና ስልኩ ተቋረጠ።

የሚመጣው ሊሰናበተኝ ይሁን ለሌላ፣ አልጠየቅሁትም። መልሶ ሲደውል እጠይቀዋለሁ ብዬ ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። አባዬ ወንበሩ ላይ አንቀላፍቷል።