ስለ ሞርፊን ማርከሻው ቁልፍ ለጓድ ኃላፊው

ለተከበሩ ጓድ የመድኃኒት ቁጥጥር ኃላፊ
ድሬዳዋ፣ የካቲት 1975 ዓ.ም.

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ በተለይም ትንፋሽዎ ሳይቆራረጥ እንዲወጣና እንዲገባ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የከዚራ ነዋሪ ማዘንጊያ ሣህሉ፣ የጋራዥ በያጁ የጉግሳ ወልደጻድቅ ሚስት ነኝ። ሚስት ማለቴ ከልማድ ነው፤ በመመሪያዎ መሠረት መበለት ሆኛለሁ።

አንደኛ፣ ጥቅምት ላይ ክሪክ ተንሸራትቶ የጭነት መኪና እግሩን ሲጨፈልቀው፣ ሆስፒታሉ ሞርፊን በአንድ ፊርማ እንዲሰጠው ስለፈቀዱ አመሰግናለሁ። ሥቃዩ ቀንሶለት፣ «ማዜ፣ ቀለል ብሎኛል፤ አንቺም እህል ቅመሺ» ብሎኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ መድኃኒቱ በዝቶበት ኖሮ ከቀትር በኋላ ከንፈሩ ጠቆረ፤ ትንፋሹም እየራቀ ሄደ። ነርሷ ቀመሪያ፣ «ማርከሻው አለን፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነው» ስትለኝ የተሰማኝን ደስታ ልገልጽልዎ አልችልም። ብልቃጦቹን በመስታወቱ በኩል በዓይኔ አይቻለሁ። ቁልፉ ግን እርስዎ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ሞርፊኑን በአንድ ፊርማ የሚለቀው መመሪያዎ ማርከሻውን ያለ ሦስት ፊርማ አይለቅም።

ሦስተኛ፣ ቀመሪያ በአፏ ትንፋሽ ስትሰጠው እኔ እርስዎ ወዳሉበት ስብሰባ ሮጥኩ። የበሩ ጠባቂ ገብቶ ተመለሰና፣ «ጓድ ንግግር ላይ ናቸው፤ ሲጨርሱ ይፈርማሉ» አለኝ። ንግግርዎ በድምፅ ማጉያ ውጭ ድረስ ይሰማ ስለነበር ብቸኝነት አልተሰማኝም። ስለ ሰፊው ሕዝብ ጤና ነበር።

ጭብጨባው ሲያበቃ አብረውዎ ከተቀመጡት ሁለት ፈራሚዎች ጋር ፈረሙልኝ፤ ቁልፉንም ሰጡኝ። ወረቀቱንና ቁልፉን ይዤ ስደርስ ቀመሪያ የጉግሳን ዓይኖች ከድናቸዋለች።

ኋላ ቢሮዎ ስመጣ ጥብቅነቱ ማርከሻው በአድኃሪያን እጅ እንዳይወድቅ መሆኑን በትዕግሥት አስረዱኝ። በማርከሻ የሰከረ ሰው አላየሁም፤ ሁሉ ነገር በሚሸጥበት በታይዋን የኮንትሮባንድ ገበያ እንኳ ፈላጊ የለውም። የሚፈልገው ትንፋሽ ያጠረው ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ወረፋ መጠበቅ አይችልም። ስለዚህ ማርከሻው ከሞርፊኑ ጎን፣ በነርሷ እጅ እንዲቀመጥ በትሕትና እጠይቃለሁ። ይህን ደብዳቤ በሆስፒታሉ በር ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ቀመሪያን አይጠይቋት።

የፊርማዎ ክብር ከባሌ ነፍስ በላይ መሆኑን ያስተማሩኝ፣ እስከ ዕለተ ሞቴ የማልረሳዎ አክባሪዎ፣
ማዘንጊያ ሣህሉ

ማሳሰቢያ፦ ያ ማርከሻ ጊዜው አልፎበት በዚህ ሳምንት ከሆስፒታሉ ጀርባ እንደተቃጠለ ሰምቻለሁ። ሦስቱም ፈራሚዎች በሰዓቱ ተገኝተው ነበር አሉ።