የስምንት ሰዓቱ ኪኒን

ረቡዕ

ዛሬም የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ቀየርኩ። የሞባይል አፕ መሥራት ልማር ብዬ ስነሳ የቢሮው ዳዊት «ዳርት ተማሪ፣ አንዴ ጽፈሽ በሁሉም ስልክ ይሠራል» አለኝ። የገባሁበት የቴሌግራም ግሩፕ ደግሞ ጃቫስክሪፕት ይላል፤ ሥራው ያለው እዚያ ነው አሉ። ሁለት ባላ ትከል ይባል የለ፣ ሁለቱንም ያዝኩ። ላፕቶፔ ስታክ ከማድረግ በቀር የመጣ ነገር የለም።

የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው። አባዬ የጠዋቱን የግፊት ኪኒን ራሱ ይውጣል፤ የስምንት ሰዓቱን ይረሳል። ዓይኑ ስለደከመ አላርም ሲጮህ ለምን እንደሆነ ሳያይ ያጠፋዋል። እኔ ያን ጊዜ ሥራ ላይ ነኝ። በድምፄ የሚነግረው አፕ ካልሠራሁለት እህቴ ሰናይት ቅዳሜ መካኒሳ ልትወስደው ነው፤ እሷ ቤት ቀን ሰው አለ። እውነቷን ነው። እኔ ግን እንዲሄድ አልፈልግም።

ሐሙስ

ዛሬ ደግሞ ኮትሊን፣ የአንድሮይድ ስልክ ቋንቋ። አፑ የሚሠራው ለአባዬ አሮጌ አንድሮይድ ብቻ ነው፤ «ሁሉም ስልክ» ለምኔ? ይህን ለማየት ሁለት ወር ፈጀብኝ። ዳዊት «ለአንድ ሰው ብለሽ አዲስ ቋንቋ?» ብሎ ሳቀብኝ። አዎ፣ ለአንድ ሰው።

ማታ ድምፄን ቀዳሁ፦ «አባዬ፣ ኪኒንህን ዋጥ።» ሰዓቱን 8 ብዬ ሞላሁና ስልኩ ላይ ጫንኩት። የሙከራ ቁልፉን ስነካው ተናገረ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ዓርብ

ከምሳ በኋላ ደወልኩለት። ስልኩ ነግሮህ ነበር ወይ ስለው፣ «ጠዋት ነው እንጂ የነገረኝ፣ አንቺ እንደወጣሽ» አለኝ። የጠዋቱን ውጦ ነበር። ታዲያ ደገምከው? አልኩት። «ደገምኩ። ያንቺ ድምፅ ነዋ!»

ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ የኔን ስምንት ሰዓት የጠዋት ሁለት ሰዓት አድርጎታል። በዳርትም በጃቫስክሪፕትም ያው ነበር። ቋንቋ ሳማርጥ ሰዓቱን ረሳሁት።

አስፈቅጄ ወጣሁ። ወደ ቤት የሚወስደኝ የጀሞ ታክሲ እንደዛሬ ዘግይቶብኝ አያውቅም። አባዬ ራሱን አዙሮት ጋደም ብሏል። ነርስ ጎረቤታችን ግፊቱን ለካች፤ ወርዷል፣ ግን ለክፉ አይሰጥም፣ ዛሬ ሌላ እንዳይውጥ አለች። 8ቱን 14 አደረግኩት። ለሰናይት ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ

ሰናይት ባዶ ሻንጣ ይዛ መጣች። አባዬ ደህና ሆኗል። ልብሱን እያጠፍን ሳለ ስምንት ሰዓት ሆነና ስልኩ «አባዬ፣ ኪኒንህን ዋጥ» አለ። አባዬ ኪኒኑን አነሳ፣ ግን አልዋጠም። ወደ እኔ ዞሮ «ልዋጥ?» አለኝ።

ዋጥ አልኩት።

«እሷ ሥራ ስትሆንስ?» አለች ሰናይት።

«ደውዬ እጠይቃታለኋ! ስልኩ ሲነግረኝ እደውላለሁ» አለ አባዬ።

«ታዲያ አፑ ምን ሠራ?»

ሰናይት ጠይቃ እሷው ሳቀች፣ ከዚያ እኔም። ያጠፍነውን ልብስ መልሰን ቁም ሣጥን አስገባን። «እስቲ አንድ ሳምንት ልየው» ብላ ሄደች። ሻንጣውን ግን ቁም ሣጥኑ ላይ ትታዋለች።